ኮረብታ በጆንያ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ባዶ ጆንያ ይዤ፣ ልሸከም ተራራ፣
ወረድኩ ወደ አዌቱ።

ተራራ ማለቴ፣ ስንዝር የማይሞላ፣
ኮምፔንሳቶ ላይ የሚጣበቅ በኮላ፤
አውራ ጣት የሚያህል የሽቦ ጦር የሚሰፍርበት፣
እኔና ራውዳ እሁድ እሁድ ማታ የምንዋጋበት።

ሱቅማ ጠይቄያለሁ፣ ሂርማታ ገበያ።
መዳፍ የማትሞላ የፕላስቲክ ሣር፣
«ከዱባይ ነው» ብሎ ዋጋዋን ሲናገር፣
ባለሱቁ ራሱ አቀርቅሮ ነበር።
በጅማ!
ሣር ጣሪያ ላይ በሚበቅልበት አገር!

ወንዙ ዳር ደርሼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣
ጠጠር እለቅማለሁ እንደ ምስር፣ ዓይኔን አቅርቤ።
ክቡን አልፈልግም፤
ክብ ድንጋይ የወንዝ ነው፣ ዕድሜው ያስታውቃል፤
የተሰበረው ግን ጥግ አለው፣ ገደል ይመስላል።
ልብስ የሚያጥቡ ልጆች ተጠቃቀሱብኝ፤
«ወርቅ ነው?» አለ አንዱ፣ ጆንያዬን ገልጦ አየብኝ።
ጠጠር ነው።
አዘነልኝ።

ከጅሬን መውጫ ላይ፣ ካረጀ ዋንዛ ግንድ፣
የዛፍ ሽበት ላጨሁ፣ እንደ ሽማግሌ ጢም፣ በአንድ በአንድ፤
ሁሉን አልወሰድኩም፣
ዛፉም ይበርደዋል።

ጋሽ ሽፋ ዘንድ ጎራ።
በርጩማ ሲጠርብ እግሩ ሥር የወደቀው፣
ለሱ ጥራጊ ነው፣ ለኔ አዝመራ ነው፤
የዋንዛው ሰጋቱራ ለበሰለ እህል፣
የጥዱ ለመንገድ፣ አቧራ እንዲመስል።
ሂሳብ ባነሳበት፣ መጥረጊያ አቀበለኝ፤
«ቤቱን ጥረግና ሂድ፣ ዋጋው እሱ ነው» አለኝ።

የመጨረሻው ደጅ፣ ቡና መፈልፈያው ግቢ።
የገለፈት ክምር፣
ሲደቅ፣ ሲበጠር፣
ትናንት የታረሰ ማሳ ይመስላል።
ዘበኛው ባሻ ቱፋ ዱላቸውን በሩ ላይ አጋድመው፣
«ለከብት ነው?» አሉኝ።
«ለጦር ሜዳ ነው።»
ዝም አሉ።
ጆንያዬ ሞልቶ አፉን ሳስር፣
«ማየት ይቻላል?» አሉ።

ማታ አፈሩን ቆላሁት፣ በአሮጌ ብረት ድስት።
የዛሬ ዓመት ሳልቆላ፣
ከቅርፊቱ ጓዳ ጉንዳን ተሰልፎ ወጥቶ፣
ያለ ተራው ገብቶ፣
የራውዳን ግራ ክንፍ ጠራርጎ አፈረሰው፤
እስከዛሬ «ድሉ የኔ ነው» እላለሁ፣ «የጉንዳን ነው» ትላለች፣
አልተስማማንም።

እሁድ ባሻ መጡ፣ ካፖርታቸው ርሶ።
ባርኔጣ አወለቁ፣
ከጠረጴዛው ጋር ዓይናቸውን አስተካክለው፣
ጎንበስ ብለው አዩት፣ ከዳር እስከ ዳር።
ገደሉን፣ ማሳውን፣ የዛፍ ሽበት ቁጥቋጦውን፣
የኔን ሰማያዊ ጦር፣ የራውዳን ቀይ ጦር።
«ኮረብታው ጥሩ ነው» አሉ።
ቆይተው ደግሞ፣
«ውሃውስ የታለ?»

ተያየን።
ሕጋችን ሲጻፍ ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ፣
ከስንት ርቀት እንደሚተኩሱ አለ፤
ስለ ጥማት ግን አንድ መስመር የለም።

ባሻ በሁለት ጣት፣ ቀስ ብለው፣
አንዷን ጠጠር አንስተው ወደ ግራ አዛወሯት፤
ከበላይዋ አንድ ቁጥቋጦ አጠጉላት።
«እዚህ ጋ ጥላ ነበር።»

ነበር አሉ።
ይሁን አላሉም።
ሻይ ስናቀርብላቸው «ተረኛ ነኝ» ብለው ወጡ።

ያን ቀን አልተዋጋንም።

በሰባት ቀን ሥራ፣ ከኪሴ ያወጣሁት
ለሩብ ሊትር ቫርኒሽ ነው፤ ያውም ተከራክሬ።
ከኮረብታው ወገብ ቦይ ቀደድኩ በምስማር፣
የአዌቱን ደቃቅ አሸዋ ነሰነስኩ ከሥር፣
ቫርኒሹን ጠብ አደረግሁ፣
ጠብ፣
ጠብ፣
መብራቱ ሥር አብረቀረቀ፤ ወንዝ መሰለኝ፣ እኔም ጠማኝ።

ሁለቱንም ጦር ዳርና ዳር ደረደርኩ፣
ቀዩን ከሰማያዊው ሳልለይ።

«ተራህ ነው» አለች ራውዳ።
«ቆይ» አልኳት፣
«ገና አልደረቀም።»